አርባ ሦስት ሰዎች ያመኗት ሩባ

ሩባ ኤልፋቲሕ የሰው ስም ትረሳለች እንጂ የሰው ፓስዎርድ አትረሳም ይሏት ነበር። ሱዳን፣ የካርቱም ክፍል በሆነችው ባሕሪ ውስጥ፣ ከመሐጣው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው፣ ወደ ወርክሾፖቹ በሚወስደው መንገድ፣ ጎማ ከሚለጥፍ ሰውና ሻይ ከምትሸጥ ሴት መካከል አንድ ጠባብ ዱካን ነበራት። ውስጡ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ነው ያለው። በሩ ላይ በዐረብኛ «ጽሕፈት፣ ኢሜል፣ ፎርም መሙላት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በተንጋደደ የአማርኛ ፊደል «ሀበሻ እንኳን ደህና መጣህ» ይላል። ይህን የጻፈችው ራሷ ናት።

እናቷ ዘምዘም በድርቁ ዓመት ከወሎ በእግሯ የወጣች ሴት ናት። አባቷ ኤልፋቲሕ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሩባ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ሞተ። አማርኛዋን ያገኘችው ከእናቷ አፍ ብቻ ስለሆነ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ ትጠራለች፤ ሲቸግራት ዐረብኛ ትደባልቅበታለች። ደንበኞቿ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ፊደሉን ግን በሃያ ዓመቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ለየች። «እናቴ ደብዳቤ ሲመጣላት ሰው ፍለጋ ስትዞር አይቼ ነው» ትላለች ሲጠይቋት።

ወደሷ የሚመጡት ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ቪላ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከከተማው ዳር ከሶባ በሃፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ሲንገላቱ የሚደርሱ አባወራዎች ነበሩ። የኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ፣ ለስደተኞች መሥሪያ ቤት የሚጻፍ አቤቱታ፣ ውጭ አገር ላለ ልጅ የሚላክ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በሷ እጅ ያልፋል። አብዛኞቹ የላቲኑን ፊደል አይለዩትም። ስለዚህ ኢሜሉን እሷ ትከፍትላቸዋለች፣ ፓስዎርዱንም እሷ ታወጣላቸዋለች፣ እንዳይጠፋም ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ሰጥታ ትመዘግበዋለች። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ፣ ደብተሩ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው ነበር። ማን ከማን እንደተፋታ፣ የማን ልጅ የት አገር እንደታሰረ፣ የማን የሆስፒታል ውጤት ምን እንዳለ፣ የነፍስ አባት የማያውቀውን ሩባ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰዉም ያመናት ለዚህ ነው።

ከአርባ ሦስቱ አንዷ ይመኙሻል ናት። የጎጃም ሴት፣ ዕድሜዋ አርባን የዘለቀ፣ ካፉሪ በእመቤቷ በሲት አዋጢፍ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሠራች። ባሏ አያሌው በ2009 በሊቢያ አድርጎ ባሕሩን ተሻገረ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም ኖርዌይ ወረቀት አገኘ። እሷን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ማስረጃው ሁሉ ተሟልቶ፣ የቀረው ከኤምባሲው የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ብቻ ነበር። ቀጠሮው በኢሜል ይመጣል ተብሏል።

ይመኙሻል የሥራ እረፍት በሆነው በየጁምዓው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ትመጣና ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሩባም ኻልቶ፣ አክስቴ፣ እያለች ትከፍትላታለች።

«ኻልቶ፣ ገና የለም።»

«ይሁን። የሚያመጣው እግዜር ነው።»

ከዚያ ስለ ዘምዘም የጉልበት ሕመም ትጠይቃለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር።

የሩባን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ሙሀነድ የሚባል ዝምተኛ ሱዳናዊ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ፕሪንተር ሊጠግን መጥቶ ሳለ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ኢንተርኔት የሚከፈትበት ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ዓመታት የቆየ ነው።

«ይሄን ለምን አላደስሽውም?» አላት በዐረብኛ።

«ይሠራል እኮ።»

«መሥራቱን አይቻለሁ። ያረጀ ነው ነው የምልሽ። ቀዳዳ ተገኝቶበታል።»

ሩባ ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና አዲስ ስሪት መኖሩን ትነግራታለች። መጀመሪያ የታየች ዕለት እሺ ብላ ነክታት ነበር። የተከፈተው ገጽ ግን ካሉበት አገር ሆነው ይህን ማውረድ አይችሉም አላት። ያን ጊዜ አሜሪካ ሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ የተነሣ ከካርቱም ሆኖ የማይወርደው ብዙ ነበር፤ ሰው ተለማምዶታል። ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ብቅ ስትል ሩባ «በኋላ» የሚለውን ትነካለች፤ ሳጥኗም ትጠፋለች። እንዲህ ሲል ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በሳምንቱ ሙሀነድ ፍላሽ ይዞ ተመለሰ። ከዱባይ የመጣ ወንድሙ ያወረደለት አዲሱ ብራውዘርና ማደሻዎቹ ሁሉ አሉበት። «ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ልሥራልሽ?» አላት።

ሩባ ግን ፈራች። የኢቃማ ማመልከቻ የሚሞላበት ገጽ የሚከፈተው በአሮጌው ብራውዘር ብቻ ነበር። ማዶ ያለችው ሉጥፊያ የምትባል ጸሐፊ አሳድሳ፣ ገጹ አልከፈት ብሏት ደንበኞቿን ለሦስት ቀን ስትመልስ በዓይኗ አይታለች።

«አሮጌውን ለዚያ ገጽ ብቻ እናስቀረው፣ ሌላውን በሙሉ በአዲሱ ትከፍቻለሽ» አላት ሙሀነድ።

«እሺ። ዛሬ ሰው አለብኝ። ሐሙስ፣ ኢንሻላህ።»

ፍላሹን ከመሳቢያዋ አስገባችው። ሐሙስ ሰው በዛ። በሚቀጥለው ሐሙስ መብራት ጠፋ። በዚህም በዚያም ሰበብ ወራቱ ሲያልፉ ረመዳን መጣ፣ ከረመዳኑ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ሙሀነድ ሁለት ጊዜ አስታወሳት፤ ሦስተኛ ማስታወስ ነገር ፍለጋ መስሎ ታየውና ተወው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ አንድ ጁምዓ ቀን፣ ይመኙሻል እንደወትሮዋ መጥታ ተቀመጠች። ሩባ ፓስዎርዱን ጻፈች። አልከፈተም። ደብተሩን ገልጣ፣ ፊደል በፊደል እያየች ደገመችው። እምቢ አለ። ሦስተኛ ሲሆን ኢሜሉ ራሱ ተቆለፈ።

«ፓስዎርድህ ተቀይሯል» አለች ሩባ፣ እንደልማዷ ሴቷን በወንድ ጠርታ። «ሌላ ቦታ ከፈትክ እንዴ፣ ኻልቶ?»

ይመኙሻል ግንባሯን ያዘች። «ባለፈው ጁምዓ ለዒድ ዱካንሽ ተዘግቶ ሳለ የእመቤቴ ልጅ በስልኳ ልክፈትልሽ ብላኝ ነበር። በቃሌ የያዝኩትን ነገርኳት፤ አልከፈተም አለችኝ። እኔ ምን ነግሬያት ይሆን? ምን አበላሽቼ ይሆን?»

«መዓሌሽ፣ አይዞህ፤ ይገኛል።»

መልሶ ለመክፈት ኮድ የሚላክበት ስልክ ይመኙሻል ከዓመት በፊት የተዘጋባት ቁጥር ነበር። ሩባ ያወቀችውን ሁሉ ሞከረች፤ አልሆነም። ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በር ላይ ደርሳ «ይቺ የኔ ጭንቅላት» አለች፣ ለራሷ።

በማግሥቱ አያሌው ከኖርዌይ ለሚስቱ ደወለ። በስሟ ከኢሜሏ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ቦርሳዬን ተሰርቄ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ፣ ቶሎ ገንዘብ ላክልኝ የሚል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። አያሌው አንድ መስመር አንብቦ አወቀ። ይመኙሻል እንግሊዝኛ አትጽፍም፤ ብትጽፍ ደግሞ «ውዴ» ብላ አትጀምርም። «ቤትሽ ሌባ ገብቷል፤ ያቺን ኢሜል የምትከፍትልሽን ልጅ አነጋግሪያት» አላት። ይመኙሻልም ለሩባ ደውላ ነገረቻት። በዚያው ቀን ደግሞ ሁለት ሌሎች ሰዎች ኢሜላችን አልከፍት አለ ብለው መጡ።

ሩባ ሙሀነድን ጠራችው። እሑድ ጠዋት መጣ፤ በሩን ገርበብ አድርገው፣ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት፣ እሷ ከኋላው ቆማ፣ እስከ ዙሁር ሰላት ቆዩ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«እዚህ ውስጥ የምትነኪውን እያንዳንዱን ፊደል የሚመዘግብ ነገር ተቀምጧል። የጻፍሽውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። ከገባ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው።»

ቀኑን ወደኋላ ቆጠሩ። ያን ዕለት ሩባ ለአንዲት ሙሽራ የሠርግ ካርድ ንድፍ ስትፈልግ ነበር የዋለችው። ከተከፈቱት ገጾች አንዱን ሙሀነድ በጣቱ አሳያት።

«በዚህ ነው የገባው።»

«እኔ ግን ምንም አላወረድኩም። ወላሂ ምንም አልነካሁም። አየሁት፣ አላማረኝም፣ ዘጋሁት።»

«አልነካሽም። መንካት አያስፈልግም። ገጹ መከፈቱ ይበቃል።»

ሙሀነድ ብዙ መናገር የማይወድ ሰው ቢሆንም ያን ቀን አስረዳት። «ብራውዘሩን የሠሩት ሰዎች ቀዳዳውን አገኙት። ከዓመት በፊት። መድፈኛውን ሠርተው ለዓለም ሁሉ ሰጡ፤ የደፈኑት የቱን እንደሆነም ጽፈው አወጡ። ያንን ጽሑፍ እኔም አነበዋለሁ፣ ሌባውም ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ ሌባው አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅበትም። ያልደፈነ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ በቃ። አንቺን አያውቅሽም። ባሕሪ የት እንዳለም አያውቅም። ማሽንሽ ግን ገጹን ስትከፍት ስንተኛ ስሪት እንደሆነች ራሷ ነገረችው።»

«አንቲቫይረስ አለኝ እኮ።»

«እሱም ያረጀ ነው።»

ድምፁን ሳያነሣ «ፍላሹስ?» አላት።

ሩባ መሳቢያውን ሳበች። ፍላሹ ከስቴፕለሩ ሥር፣ ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ነበር፤ ሰባት ወር አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሙሀነድ አየው፣ እሷን አላያትም። አንድ ነገር ቢላት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ኬብሉን ነቅሎ ማሽኑን ማጽዳት ጀመረ።

በማግሥቱ ሰኞ ይመኙሻል እንደገና ደወለች። «ሩባ፣ ምን ተገኘ? እኔ ለዚያች ልጅ መናገሬ ነው አይደል ጥፋቱ?» ስትላት ሩባ «እያየን ነው፣ ኻልቶ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ውሸት አልተናገረችም። እውነቱን ግን ዋጠችው፤ ይመኙሻልም ጥፋቱን ይዛ ዋለች።

ማታ ራት አልበላ አላት። ዘምዘም ሳህኑን አየች፣ ልጇን አየች።

«ምን ሆነሻል?»

ሩባ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ኮምፒውተር ዘምዘም የምታውቀው ነገር የለም፤ ልጇ ስትጨርስ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ያ ሰውዬ መድኃኒቱን አምጥቶ ሰጥቶሽ ነበር ነው የምትዪው?»

«አዎ፣ ዩማ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር እኛ አገር። እሱ አለፈ።» ዘምዘም ሳህኑን አነሣች። «አሁን ያቺ ሴትዮ ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ ተኝታለች። እሱ ግን አላለፈም። ነገ ሂጂና ከላይዋ አውርጂላት።»

ማክሰኞ ሩባ ዱካኗን ዘግታ ካፉሪ ሄደች። የሲት አዋጢፍ ግቢ በር ላይ ደወለች፤ ይመኙሻል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሩባን ስታይ ፊቷ በራ። መልካም ዜና የመጣ መስሏታል።

«ኻልቶ፣ አንቺ አይደለሽም» አለች ሩባ። ያን ዕለት ሴቱን በሴት ለመጥራት ቃሏን እየመረጠች ነበር። «ፓስዎርዱን የሰረቁት ከእኔ ነው። ከእኔ ማሽን። ሙሀነድ አድሺው ብሎኝ ነበር። መድኃኒቱን አምጥቶልኝ ነበር። እኔ ነገ፣ ነገ አልኩ። በእኔ ነው።»

አንድ የውሃ መኪና አልፎ አቧራውን አስነሣ፤ ይመኙሻል እስኪረግብ ጠበቀች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እሑድ።»

«ትናንት ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ትናንት ሌሊቱን የት እንደተሳሳትኩ ሳስብ ነው ያነጋሁት» አለች ይመኙሻል። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለአያሌው ምን እለዋለሁ ስል ነው ያነጋሁት።»

ሩባ አቀረቀረች። ይመኙሻል ደግሞ ወደ ቤቱ ዞራ ገባች፤ ሩባ በሩ ተዘጋብኝ ብላ ቆማ ሳለች ነጠላዋን ለብሳ ተመለሰች። «ሲት አዋጢፍን አስፈቅጃለሁ። ኤምባሲው ነገ ይከፈታል ወይ?»

ረቡዕ አብረው ሄዱ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው በትሕትና አነጋገራቸው፤ የጉዳዩን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አየና ፊቱ ተለወጠ። ቀጠሮው ከዐሥራ ሰባት ቀን በፊት በኢሜል ተልኳል። ቃለ መጠይቁ ባለፈው ሐሙስ ነበር። በስልክም ሞክረዋል፤ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይሠራም።

«ስድስት ቀን» አለች ይመኙሻል በአማርኛ። ሰውየው አልገባውም።

ለምን እንደቀረች የሚያስረዳ ደብዳቤ እንድታስገባ፣ ከዚያም ተራዋን እንደገና እንድትጠብቅ ተነገራቸው። መቼ እንደሚደርሳት ማንም አያውቅም። ሩባ ደብዳቤውን እዚያው ውጭ፣ አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ በእጇ ጻፈችው። የሆነውን አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ጥፋቱ የአመልካቿ ሳይሆን የእኔ ነው ብላ ስሟን፣ የዱካኗን አድራሻና የራሷን ስልክ ቁጥር ጨምራ ፈረመች። ለይመኙሻል በአማርኛ አነበበችላት።

«ስምሽን የጻፍሽው ለምንድን ነው? ችግር አያመጣብሽም?»

«ያምጣ» አለች ሩባ።

ደብዳቤውን በመስኮቱ አስገብተው፣ በሃፍላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ።

የቀሩት አርባ ሁለቱ ነበሩ። ሙሀነድ የታደሰና የጸዳ ላፕቶፕ አዋሳት። ሩባ ደብተሩን ይዛ፣ ከሰዓት ከሰዓት ዱካኗን እየዘጋች፣ በስም ተራ ሰው መፈለግ ጀመረች። ያገኘችውን ሁሉ አስቀምጣ ትነግረዋለች፤ ፓስዎርዱን እዚያው ታስቀይረዋለች፤ ከዚያ ከደብተሩ የእሱን ገጽ ቀድዳ በእጁ ትሰጠዋለች። አንዳንዱ «እኔ ምን አለኝና ሌባ ይመኘኛል?» ብሎ ሳቀ። አንዷ ሰደበቻት፤ የሥራ ባልደረቦቿ እየሰሙ፣ ባሕሪ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ። ሩባ እስክትጨርስ ቆማ ሰማቻትና ገጿን ሰጠቻት። ሦስት ሰው ከካርቱም ወጥቶ ስለነበር ሊገኝ አልቻለም። የማትረሳው ግን ያረጋልን ነው።

ጋሼ ያረጋል ሶባ አንድ መጋዘን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ሃፍላ ቀይራ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ተንገላታ ደረሰች። እሳቸው ቀድመው አውቀዋል። ቤይሩት የምትሠራ ልጃቸው የአባቷን ስም አይታ፣ ታመምኩ የሚለውን ደብዳቤ አምና፣ የሁለት ወር ደሞዟን ልካለች፤ የላከችውም ለማታውቀው ሰው ሆነ።

ሩባ ያዘጋጀችውን ተናገረች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ።

«ልጄ» አሉ ስትጨርስ፣ «እኔ አንቺን ያመንኩሽ ወድጄ አይደለም። ፊደሉን ስለማላውቅ ነው። ዓይን የሌለው ሰው መሪውን ይመርጣል እንዴ? ያገኘውን ይይዛል። አንቺ ግን ዓይን ነበረሽ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስለመጣሽ አመሰግናለሁ። ያልመጣም ሰው ይኖራል።» ገጹን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ውሃም አቀረቡላት፤ ጠጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ዱካኗን አልረገጡም፤ ልጃቸው የላከችላቸውን መልእክት ሌላ ሰው እንደሚያነብላቸው ሩባ ከሰው ሰማች። አልተቀየመችም።

ሰማያዊው ደብተር ሽፋኑና የሦስት ሰው ገጽ ብቻ ቀረው። ሩባ ሌላ ደብተር አልጀመረችም። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ዱካኗ እስከ አራት ሰዓት የሚከፈተው ለደንበኛ አልነበረም። ሙሀነድ ያመጣውን ማደሻ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ትጭናለች፤ እስኪያልቅ ሰው በር ላይ ቢሰለፍም አትነሣም። የኢቃማው ገጽ ብቻ በአንደኛው ማሽን ላይ በቀረው አሮጌ ብራውዘር ይከፈታል፤ ያም ማሽን ለሌላ ነገር አያገለግልም። ሰው ኢሜሉን ሊከፍት ሲመጣ ወንበሩን ለሱ ትለቅለትና ዞር ትላለች። ብዙዎቹ ይህን አልወደዱትም። «አንቺ እያለሽልን» ይሏታል። «ራስህን ቻል» ትላለች፤ ለወንዱም ለሴቷም።

በወሩ ይመኙሻል መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ አልተቀመጠችም፤ ኮምፒውተሩ ፊት ሄዳ ቆመች። እጇ ላይ የተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ አለ።

«የይቅርታ ነገር ልነጋገር አልመጣሁም» አለች። «እሱን እግዜር ሲያበርደው እናየዋለን። ፊደሉን አሳዪኝ።»

በየጁምዓው አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወለል ያሸች እጅ ናትና ጣቷ አንዱን ሲነካ ሁለቱን ይጫናል። አምስት ፊደል ለመለየት አንድ ወር ፈጀባት። ታኅሣሥ ላይ ብቻዋን ፓስዎርድ አወጣች፤ ሩባ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች። ከዚያ ሁለቱን ማሽኖች እያየች «ይቺ ታድሳለች ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሩባ ቀኑን ነገረቻት። ይመኙሻል ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ ከፍታ አታውቅም። ካፉሪ ተመልሳም የሲት አዋጢፍን ልጅ ስልክሽን አድሺ እያለች እንደምታስቸግራት ልጅቷ ራሷ መጥታ ነገረች።

በዚያው ወራት፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ ሳለች፣ አያሌው ታመመ። ዕቃ ጫኝ ነበርና ወገቡ ተጎዳ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብለው የራሱ ሰው አልነበረም። ይመኙሻል ስልኩን እንደያዘች እየመጣች ዱካኑ ጥግ ትቀመጣለች፤ እያወራችው ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሩባ ግን ትሰማለች። «ይኼን ጊዜ አንቺ አጠገቤ ትኖሪ ነበር» ሲላት ሰምታለች። ይመኙሻል ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ሁለተኛው ቀጠሮ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። የተላከበትን ኢሜል የከፈተችው ይመኙሻል ራሷ ናት። ቃለ መጠይቁን አደረገች። ውሳኔው ደግሞ ሌላ ሰባት ወር ወሰደ፤ በ2016 ጥር ላይ ፈቃዱ ወጣ።

ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ቲኬቷን ልታትም ወደ ዱካኑ መጣች። ተቀምጣ፣ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ጽፋ፣ ከፍታ፣ አተመችው። ወረቀቱ ሲወጣ ሩባ አንሥታ ሰጠቻት። ይመኙሻል አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችውና አልተነሣችም።

«ሩባ።»

«አቤት፣ ኻልቶ።»

«ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ቲኬቱንማ የእመቤቴ ልጅም ታትምልኝ ነበር።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው። በሩ ላይ መጥተሽ በእኔ ነው ያልሽ ዕለት ነው የጀመረው፤ አሁን አለቀ። ያ አንድ ነው።»

ሩባ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሌላው፣ ያ ዓመት አይመለስም። አያሌው ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ይቅር ስላልኩሽ ዓመቱ የተመለሰ እንዳይመስልሽ። ሁለቱንም እወቂው።»

«ሁለቱንም አውቃለሁ» አለች ሩባ።

ተሳሳሙ። ሩባ ቦርሳዋን ተቀብላ እስከ መንገዱ ሸኘቻት፤ አንድ ሪክሻ ባጃጅ አስቆመች፣ ለነጂው ካፉሪ ብላ ነገረችው። ይመኙሻል ገብታ ተቀመጠችና ነጠላዋን ከጎማው ሰበሰበች። ሪክሻው ወደ ድልድዩ በሚሄደው መኪና መካከል እስኪሰወር ሩባ ቆማ አየች። ከዚያ ተመለሰች፤ ወንበሮቹ ላይ ሁለት ሰው እየጠበቃት ነበር።